ዋስትናቸውን ያፈረሱት ጋሽ ደምሴ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት፣ መሃል ከተማ ያለው ቢሯችን ደረጃ ላይ ሆኜ ነው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። የደወለችልኝ የቢሯችን ኃላፊ ዋንጂሩ ነበረች። ስትደውል ሁልጊዜ በችኮላ ነው የምታወራው፤ ያን ቀን ግን ስሜን ቀስ ብላ ጠራች። ከዚያ አከራያቸው ቢያንኳኩ መልስ አጥተው ከፍተው መግባታቸውን፣ ጋሽ ደምሴም በእንቅልፋቸው እንዳሉ ማረፋቸውን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። «ፖሌ ሳና» አለችኝ መጨረሻ ላይ፣ እዚህ አገር ሐዘን ሲደርስ እንደሚባለው። አመስግኛት ስልኩን ዘጋሁና የቀረውን ደረጃ ወጣሁ። ወንበራቸው ላይ በሐምሌ ብርድ የሚደርቡት ካፖርት ተሰቅሎ ነበር።

ቀድሞ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ ኀፍረት ነው። ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ፊቴ ጋለ።

የምንሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው። ስደተኛ ወጣቶችና ከድሃ ሰፈር የመጡ ኬንያውያን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲማሩ የትምህርት ክፍያቸውን ይሸፍናል፣ ላፕቶፕ ያውሳል፣ ኢንተርኔት ያስገባላቸዋል። ዕድሉ በዓመት ለጥቂቶች ነው፤ የሚያመለክተው ብዙ ነው። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ዕድሉ መኖሩን እንኳ ያልሰሙትን ፈልጎ የማምጣት ሥራ ነበራቸው። አዲስ አበባ ሳሉ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በወጣትነታቸው ተሰደው ናይሮቢ ገቡ፤ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር የነጋዴ ልጆችን ሒሳብ እያስጠኑ ኖሩ። ትዳር አልያዙም። ሰው ለምን እንዳላገቡ ሲጠይቃቸው «አስልቼ ሳልጨርስ መሸብኝ» ይሉ ነበር።

የፈተና ውጤት በሚወጣበት ቀን ሌሎቻችን ለሁሉም አመልካች ኢሜይል እንልካለን። እሳቸው ግን መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ ወልውለው ስልክ ያነሳሉ። የሚደውሉት ላላለፉት ብቻ ነው። ዋንጂሩ አንድ ጊዜ፣ ደስ ከሚያሰኘው ቢጀምሩ አይሻልም ወይ ብላቸው ነበር። ያለፈው ልጅ ኢሜይሉን ደጋግሞ ያነበዋል፣ የወደቀው ግን አንዴ አይቶ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው አሏት። አንድ አመልካች በስልክ ሲሰድባቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አርቀው ጠበቁት። ሲያበቃ «ጨረስክ? እንግዲያው ወደ ማትሪክሱ ስሌት እንመለስ» አሉት። ልጁ በሚቀጥለው ዙር አለፈ።

እኔንም ያወቁኝ በዚሁ ፈተና ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ኢስትሊ ባለው የአባቴ የመጋረጃ ሱቅ እሠራ ነበር። ለወላጆቼ ሳልናገር ተፈተንኩና አለፍኩ። ከዚያ ፈራሁና ለጋሽ ደምሴ ደውዬ መማር እንደማልችል ነገርኳቸው። ማን እንደከለከለኝ ጠየቁኝ። ማንም አልከለከለኝም፣ ገና አልጠየቅኩም አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔ እጠይቅልሻለሁ» አሉ።

ይጠይቃሉ ስል በስልክ መስሎኝ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ክራቫት አስረው፣ የምግብ ቤት ባለቤቱን አቶ በላይንና አንድ የቤተ ክርስቲያናችንን አዛውንት አስከትለው ቆመዋል። አባቴ ግቡ አላቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አላቸው፤ አልተቀመጡም። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እናቴ ይህን እንዳየች ሁሉም ነገር ገባት። እጄን ይዛ ወደ ማድ ቤት ጎተተችኝ።

«ማነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«አትደብቂኝ። ከየት ነው? ሥራ አለው?»

ሳሎን ውስጥ አባቴ ወጉን ጠብቆ እየሄደ ነበር። ሽማግሌዎቹን አመሰገነ፣ ልጅቷ ገና ናት አለ፣ ቀጥሎ የልጁ አባት ማን እንደሚባሉ ጠየቀ። አቶ በላይ ሳል ያዛቸው።

«ልጁ የለም፣ አቶ ኃይሉ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ልጅዎን የምንጠይቀው ለትምህርት ነው።»

እናቴ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። «ለትምህርት?» አለች፣ አንድ ነገር እንደተወሰደባት ሁሉ።

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። ሽማግሌ ለእንዲህ ያለ ነገር ይላካል ወይ አለ። ጋሽ ደምሴ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ለቁም ነገር ካልተላከ ለምን ይላካል ብለው መለሱለት። ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ምን እንደሆነ አባቴ ሲጠይቃቸው የሱቁን ነገር አነሱበት። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ የትኛውን መጋረጃ እንደሚያነሳ ያውቅ እንደሆን ጠየቁት። አባቴ አውቃለሁ አለ። ማን እንዳስተማረው ጠየቁት። ማንም፣ ብዙ ሰው ማየት ነው ያስተማረኝ አለ።

«ማሽኑም እንደዚያ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ብዙ አይቶ ነው የሚያውቀው። ያላየውን አያውቅም። የእኛን ቋንቋ፣ የእኛን ሰው አላየም። የሚያሳየው ሰው ከእኛ ወገን ካልተማረ ሳያየን ይቀራል።»

«ታዲያ እኔም ማሽን ነኝ በሉኛ» አለ አባቴ። ትንሽ ለስልሶ ነበር።

ከዚያ ግን የዳዊት ነገር መጣ። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በየብስ ወጥቶ ከአንድ የድንበር ከተማ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም። ቤታችን ውስጥ ስሙ የሚጠራው ሲጸለይ ብቻ ነበር። አባቴ ያን ቀን በእንግዳ ፊት ጠራው። ዛሬ ትምህርት ትላላችሁ፣ ነገ ደግሞ ውጭ አገር ትላላችሁ አለ። አንዱን መንገድ በልቶብኛል አለ።

«ይህቺ ከናይሮቢ እንዳትወጣ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ምን ይዘው?»

«ቃሌን ነው። ሌላ የለኝም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ምስክር ሆኑ። ሦስቱም ተቀመጡ፣ ምሳም በሉ። እኔ አንድ ዓመት ልማር ተፈቀደልኝ።

በዚያ ዓመት ጋሽ ደምሴ የአባቴ ወዳጅ ሆኑ። እሁድ እሁድ ከሰዓት እየመጡ «ልጅዎ ዛሬም ናይሮቢ ናት፤ አረጋግጬ ነው የመጣሁ» ብለው በሩ ላይ ሪፖርት ያቀርባሉ። ሻይ እየጠጡ ስለ አገር ቤት፣ ስለ ማታቱ ታክሲ ሾፌሮች፣ ስለ እግዚአብሔርም ይከራከራሉ። አባቴ ከዳዊት በኋላ ከት ብሎ ሲስቅ የሰማሁት ከእሳቸው ጋር ነው። እናቴ ይህን አይታ፣ ሽማግሌነቱ ለልጄ ሳይሆን ለባሌ ነበር ትል ነበር።

እኔ ክፍል ውስጥ ከኋላ የምቀመጥ ነበርኩ፤ ጥያቄ ካለኝ እንኳ ጽፌ ነው የምሰጠው። የመመረቂያ ሥራዬ እዚህ ናይሮቢ የምንናገረውን፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የገባበትን አማርኛ ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም ነበር። ድምፃቸውን ከሰጡኝ ሰዎች የመጀመሪያው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሥራውን ያየ አንድ አስተማሪ ኪጋሊ ሙሉ ወጪ ተሸፍኖ ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር ቦታ እንዳለ ነገረኝ። እኔም አመለከትኩ። ማንም አልገፋኝም። ስለፈለግኩ ነው ያመለከትኩት። ላገኘው እንደማልችል ስላሰብኩ ማመልከቱ ማንንም የሚጎዳ አልመሰለኝም።

ተቀበሉኝ። ለጋሽ ደምሴ የነገርኳቸው ልተወው ወስኜ ነው። አባቴን አውቃለሁ፣ ዋስትናውንም አውቃለሁ፤ አልሄድም ብዬ ልጽፍላቸው ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፈልገሽ ነው ያመለከትሽው?»

«አዎ።»

«እስከ ሰኞ ምንም አትጻፊላቸው።»

ቅዳሜ ብቻቸውን ወደ ሱቁ ሄዱ። ምን እንዳሉ የነገረችኝ እዚያው የነበረችው እናቴ ናት። ልጅዎ አልፈለገችም አሉት። እኔ ነኝ አመልክቺ ብዬ የገፋኋት፣ እኔ ነኝ ዋስ የሆንኩት፣ ዋስትናውን የማፈርሰውም እኔ ነኝ አሉት። አባቴ እያጠፈ የነበረውን መጋረጃ አጥፎ ጨረሰ። ከዚያ ከሱቄ ውጣ አላቸው። እናቴ እንዳለችው አባቴ «አንተ» ሲላቸው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

እራት ላይ አባቴ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ። ሂጂ አለኝ። ኪጋሊ ቅርብ ነው፣ አውሮፕላን አለው፣ አድራሻ አለው አለ። የእኔ መሄድ እንዳላናደደው፣ ያናደደው ቃሉን የበላ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲስቅ መኖሩ እንደሆነ ነገረኝ። ያመለከትኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው አያውቁም ነበር አልኩት።

«እንዲህ በይ ብሎሻል» አለ።

አንድ ጊዜ ተናገርኩ። አልታመንኩም። ሁለተኛ አልተናገርኩም፤ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ከመሄዴ በፊት ጋሽ ደምሴን ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው።

«አባትሽ የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል» አሉኝ። «አንቺን ከተቆጣ ሁለተኛ ልጁን ያጣል። እኔን ከተቆጣ ግን የሚያጣው አንድ ወዳጅ ነው።»

ኪጋሊ ሳለሁ በየሳምንቱ ወደ ቤት እደውል ነበር። አባቴ ዝናቡን፣ ምግቡን፣ ጤናዬን ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ዓመት በጭንቀት ቢያሳልፍም እኔን አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጋሽ ደምሴ እንዳሉት ሆነ። እኔም በየጊዜው ደስ የሚል ነገር ሲገጥመኝ፣ ለምሳሌ ፈተና ሳልፍ፣ ይህን ደስታ ማን እንደከፈለልኝ ትዝ ይለኝና ደስታዬ ይሰበራል።

ስመለስ ድርጅቱ ቀጠረኝ፤ ከጋሽ ደምሴ ጎን ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ስለ ኪጋሊ ኮረብቶች፣ ስለ ትምህርቱ ደጋግመው ጠየቁኝ። ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም። የሆነውን የነገሩኝ አቶ በላይ ናቸው፣ ምግብ ቤታቸው ምሳ ልበላ በሄድኩበት ቀን።

«እኛ ምስክር ነበርን፣ ልጄ» አሉኝ። «እሳቸው ሲያፈርሱ እኛም አብረን ፈረስን። ከዚያ ወዲህ በማን በር ላይ እንቁም?»

ሽማግሌዎቹ አብረዋቸው መሄድ ትተዋል። ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ብቻውን መጥቶ የሰው ልጅ የሚጠይቅን ሰው ደግሞ ማንም ሽማግሌ አይለውም። ኢስትሊ ውስጥ አንድ ፎቅ ወጥተው፣ ቆባቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው፣ «የኃይሉን ልጅ ዋስ ሆነው ሩዋንዳ የላኩት እርስዎ ነዎት?» ሲባሉ አዎ ብለው ይመለሳሉ። አለመዋሸታቸው የባሰ ጎዳቸው። ከእኛ ሰፈር ሴት ልጆች ወደ ትምህርቱ መምጣታቸው እየቀነሰ ሄደ። እኔ እዚያ ተቀምጬ፣ ተምሬ፣ ደመወዝ እየበላሁ፣ የእኔ መማር የሌሎቹን በር መዝጋቱን አየሁ።

በዚህ ዙር ብሌን መጣች። እዚሁ ያደገች ልጅ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ኢስትሊ ውስጥ አልጋ ያከራያሉ። ፈተናውን ከሁሉም በላይ አምጥታ አለፈች። «አንክል ደምሴ፣ ማሚን አታውቃትም፤ ሺ ዊል ኔቨር፣ አትፈቅድም፣ ዋላሂ» ስትላቸው ሳቁባት። ያንን እናት ሁሉ አውቃለሁ አሏት። ሄዱ። ወይዘሮ ዘነበች እንደሌሎቹ በሩን አልዘጉባቸውም፤ ሻይ ሰጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ኃይሉ ራሱ መጥቶ ይህን ሰው እመኑት ካለኝ ልጄን እሰጣለሁ አሉ። ምዝገባው የሚዘጋው በቀጣዩ ሳምንት አርብ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን አሉ። እኔ ግን ሌላ መንገድ እንደሌለ ገብቶኛል። ለአባቴ እንደገና መንገር ነበረብኝ። የምናገረውን በልቤ ደጋግሜ አዘጋጀሁ። ያን እሁድ ቤታችን እንግዳ ነበር። ለሚቀጥለው እሁድ ተውኩት፤ ምዝገባው ከዚያ በፊት እንደሚዘጋ እያወቅኩ፣ ዋንጂሩን ሁለት ቀን አስጨምራለሁ ብዬ። ረቡዕ አረፉ።

ቅዳሜ ቀብራቸው ሆነ። ዘመዳቸው አዲስ አበባ ያለች አንዲት እህት ብቻ ስለሆነች ዕድሩ ቀብሩን አዘጋጀ፤ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊ ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ አሉኝ። ጻፍኩ። የሚያነቡት አቶ በላይ ነበሩ። መቃብሩ አጠገብ ቆመው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ሄዱበትና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ወደ እኔ መጥተው መለሱልኝ። «ይህን የጻፈው ሰው ያንብበው» አሉ፣ ያለ ቁጣ።

ማንበብ ጀመርኩ። ከኋላ ድምፅ አይሰማም የሚል ሰው ነበር። የትውልድ ቦታቸውን፣ ያስተማሩበትን፣ ናይሮቢ የገቡበትን አነበብኩ። ዋስትናው ጋ ስደርስ ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ፤ ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ። ኪጋሊ ለመማር ያመለከትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጋሽ ደምሴ አያውቁም ነበር። እኔ ገፋኋት ያሉት አባቴ እኔን እንዳይቆጣኝ ነው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። ሰዎቹ መካከል አባቴ ቆሞ ነበር። ወደ እሱ ማየት አልቻልኩም።

በመኪና ስንመለስ እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። መንገዱ ተጨናንቋል።

«ከዚያ ወዲህ ደምሴ ሱቅ መጥቶ ያውቃል» አለ አባቴ መሪውን እንደያዘ። «መጀመሪያ ላይ ይቅርታ ሊለኝ። በቀደም ደግሞ መጣ። ያን ጊዜ ይቅርታም አላለኝ። ዘነበች ዘንድ ሂድልኝ ነው ያለኝ። ደንበኛ አለብኝ አልኩት።»

«ደንበኛ ነበረህ?» አልኩት።

«አልነበረም።»

ወደ ሳውዝ ሲ የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፈው። ወዴት እንደሚሄድ ሳውቅ፣ ምዝገባው ትናንት መዘጋቱን፣ የብሌን ቦታ ለተጠባባቂ መሰጠቱን ነገርኩት። ማስጨመር አስቤ ነበር፤ በለቅሶው መሃል ማንም ቀን አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሰምቻለሁ አለ። መንዳቱን ቀጠለ።

ወይዘሮ ዘነበች በሩን የከፈቱት ከቀብር የመጡበትን ጥቁር ልብስ ሳይቀይሩ ነው። አባቴ ወደ ውስጥ አልገባም። ደረጃው አድክሞት ትንሽ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ወይዘሮ ዘነበች» አለ፣ «ደምሴን እመኗቸው ልልዎ ነው የመጣሁት።»

እሳቸው አባቴን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«አሁን?» አሉ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ብሌን ከእናቷ ትከሻ ኋላ ቆማ እኔን እያየች ነበር።